የየኔታ መቀመጫና የእኔ አውራ ጣት

ሥራዬ ሽንት ቤት ነው። እንዲህ ብዬ ስጀምር አንዳንድ ሰው ወንበሩን ትንሽ ራቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ ላብራራ። ላይ ጋይንት ውስጥ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነኝ። ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ፣ ገበሬውን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቤ፣ ጉድጓድ እንዲቆፍር፣ ክዳን እንዲያበጅ፣ ሲወጣም እጁን እንዲታጠብ አስተምራለሁ። ስለ ሽንት ቤት ሳልናገር የምውልበት ቀን ቢኖር የስብሰባ ቀን ነው፤ እሱም ቢሆን አጀንዳው ያው ነው። ንፋስ መውጫ ገበያ ውስጥ ግን ይህን ማንም አይለይልኝም። በጤና ስም ደመወዝ የሚበላ ሁሉ «ዶክተር» ነው። መጀመሪያ አካባቢ አይደለሁም እያልኩ አርማቸው ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ይህን የምነግራችሁ እንድታከብሩኝ አይደለም። የሆነውን ስትሰሙ በማን ላይ እንደሆነ እንድታውቁ ነው።

ባለቤቴ ሰብለ መምህርት ናት። አባቷ ደግሞ ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውም እኔም «የኔታ» እንላቸዋለን። እናቷ ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። በጥቅምት ከማኅሌት ሲወጡ እርጥብ ድንጋይ አዳልጧቸው ወደቁና ጭናቸው ተሰበረ። ደብረ ታቦር ታክመው ሲወጡ ሐኪሙ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ ያለ ሰው ድጋፍ እንዳይራመዱ፣ ሁለተኛ ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ እንዳይሉ። የመጀመሪያውን፣ የኔታን ወደ ቤታችን አምጥተን፣ እኔና ሰብለ ተካፈልነው። ሁለተኛው ግን ግንበኛ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነበር።

በሰፈራችን የመጀመሪያው የመቀመጫ ሽንት ቤት እኛ ቤት የገባው እንዲህ ነው። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከጀርባው የውሃ ሣጥን ያዘለ፣ ሲጫኑት እንደ በሬ የሚያጓራ። ለየኔታ ከሰጠናቸው ክፍል ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት ለእሱ ለቀቅንለት፤ ከውጭ ደግሞ የብረት ማማ አሠርተን የውሃ ሮቶ ሰቀልን። ጎረቤት እየመጣ አየው። አንዲት ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ ብዙ ከተመለከተችው በኋላ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ክረምት ከበጋ ሳያጓድል ያገለግለናል ብለን ነበር። ግንቦት ላይ ግን አመሉ ተለወጠ። ሣጥኑ ከሞላ በኋላ ዝም ማለት ሲገባው ዝም አልል አለ። ከላይ በቀጭኑ ይገባል፣ ከታች በቀጭኑ ይወጣል። ለእኔ የሚሰማ ነገር አልነበረም። የየኔታን ጆሮ ግን አስቡት። ዕድሜ ልኩን በተማሪ ጩኸት መካከል የአንዱን ድምፅ መሳት ለይቶ «ተመለስ» ሲል የኖረ ጆሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸው ደፍርሶ ይነሣሉ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ሊጀምር ይልና ይተወዋል ይሉናል። እኔም ነገሩን ላቅልል ብዬ፣ ለመሆኑ ዜማው ከየትኛው ነው ብላቸው ፊታቸው ተቀየረ። ዜማ የሚባለው ሌላ እንደሆነ፣ ይህ ግን መፍሰስ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቀልድ ቦታውን ሲስት ከቧንቧ የባሰ ነው፤ መዝጊያ እንኳ የለውም።

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በተራ ነው። ተራችን ሲደርስ ሮቶውን እንሞላለን፤ እስከሚቀጥለው ተራ ድረስም በጣሳ እየለካን እንኖራለን። አሁን ግን ለሳምንት የሞላነው ውሃ ሳንጠጣው፣ ሳንታጠብበት፣ በነጩ መቀመጫ በኩል ወደ ጉድጓድ ይሄድ ጀመር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ የእኛው እያፏጨ ነበር። አንድ ጠዋት ሰብለ ማማው ላይ ወጥታ ሮቶውን በእጇ አንኳኳችው። እንደ ከበሮ መለሰላት።

የኔታም ከበሮውን ሰምተዋል። ማታ እራት ላይ ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱ በቀስታ ነገሩን።

«ለአንድ ሽማግሌ ተብሎ ቤት ሙሉ ሰው በውሃ ጥም አይቀጣም» አሉ።

ሰብለ እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች። ቤተ ልሔም ያለው ቤታቸው ተዳፋት ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ታች ያለ ጉድጓድ ነው፤ መሬቱ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል፤ ክረምቱም ደጅ ላይ ነው። በዚያ ዕድሜ ሁለተኛ ጊዜ ቢወድቁ ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቃለን። ማናችንም አልተናገርነውም። እኔ ብቻ፣ የኔታ ይህ የቧንቧ ነገር ነው፣ ቧንቧ ይጠገናል አልኩ። የተናገርኩት ለማጽናናት ነበር፤ ቃል የገባሁ መሰለብኝ።

የምናውቀው የቧንቧ ባለሙያ እስቴ ወረዳ ሥራ ይዞ ሄዷል። ስንደውልለት ሲመለስ እንደሚመጣ ነገረን፤ መቼ እንደሚመለስ ግን አልነገረንም። በዚያው ሌሊት የቤታችን የውሃ ተራ ደርሶ ሮቶውን እንደገና ሞላነው። ሰብለም በማግሥቱ ለሥልጠና ደብረ ታቦር መሄድ ነበረባት። ስትወጣ ሁለት አደራ ጣለችብኝ። አባቷን ብቻቸውን እንዳልተው፣ ሽንት ቤቱንም እንዳልነካ።

«አንተ ስለ ሽንት ቤት ትናገራለህ እንጂ ሽንት ቤት አትሠራም» አለችኝ።

ይህን ሰምቶ ፒንሳ የማያነሣ ባል ካለ እኔ አላውቀውም።

ሚኒባሷ ከመናኸሪያ ከመውጣቷ እኔ የሣጥኑን ክዳን አንሥቼ ነበር። ውስጡ እንደፈራሁት አይደለም። ብርቱካን የምታህል የፕላስቲክ ኳስ አለች፤ ከቀጭን ክንድ ጋር ተያይዛለች። ውሃው ሲሞላ ኳሷ ትንሳፈፋለች፤ ስትነሣ ክንዷ የውሃውን መግቢያ ይዘጋል። ቆሜ አሰብኩበት። ኳሷ ቶሎ ብትነሣ መግቢያው ቶሎ ይዘጋል። ስለዚህ ክንዷን ወደ ታች ጎበጥ አደረግኋት። ፉጨቱ ወዲያው ቆመ። የኔታ ከመኝታቸው ሆነው፣ ተመስገን አለፈለት አሉ፤ ስለ ታማሚ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። እኔም እጄን ታጥቤ መሥሪያ ቤት የማልሄድበት ቀን በመሆኑ አዘንኩ፤ የምነግረው ሰው ፈልጌ ነበር።

ደስታዬ የቆየው የኔታ ደግፌያቸው ገብተው እስኪወጡ ነው። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ጨርሶ አልሞላም አለ። ክንዷን ከልክ በላይ አጉብጫት ኖሯል፤ ኳሷ ገና ውሃ ሳይነካት «ሞልቷል» ትላለች። እንደዚህ ያለ ሪፖርት በሥራዬም አውቃለሁ። መልሼ ላቃናት ስል ክንዷ ቀጭ ብላ እጄ ላይ ቀረች። በክር አሰርኳት፤ ክሩ ረጠበና ላላ። በሽቦ አሰርኳት፤ ሽቦው ኳሷን በሳት። የተበሳች ኳስ ደግሞ አትንሳፈፍም፤ ትጠጣለች። አሁን ውሃው በቀጭኑ መፍሰሱን ትቶ በወፍራሙ ይወርድ ጀመር።

ለየኔታ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ በባጃጅ ወደ ገበያ ሄድኩ። ጋሸ ሰይድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ መቀመጫውንም የገዛነው ከእሳቸው ነው። የተሰበረችውን ክንድና የተበሳችውን ኳስ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥላቸው መነጽራቸውን አድርገው እያገላበጡ አዩአቸው።

«ዶክተር፣ ይህ ሕመም ለእኔ አዲስ ነው» አሉ። መቀመጫውን ሲሸጡልኝ ይሰበራል ብለው እንዳልሸጡልኝ፣ ስለዚህ መለዋወጫ እንዳላመጡ፣ ሆኖም መጋዘን ውስጥ ከሌላ ዕቃ ጋር የመጣ አንድ የሚመስል ነገር እንዳለ ነገሩኝ። ፈልገው ራሳቸው ይዘው ሊመጡ ተስማማን። ዕቃቸው ሰው ቤት ገብቶ ምን እንደሚመስል አይተው ስለማያውቁ ማየትም ፈልገዋል።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። እኔ ግን ጋሸ ሰይድ እስኪመጡ አሮጌውን ነቅዬ ላዘጋጅ አልኩ። ለመንቀል ውሃውን መዝጋት ያስፈልጋል። ከግድግዳው ሥር፣ ቧንቧው ወደ ሣጥኑ ከሚገባበት ላይ፣ ትንሽ መዝጊያ አለች። ያዝኳትና ላዞራት ሞከርኩ። አልዞር አለች። በፒንሳ ይዤ ጠበቅ አደረግኋት። አሁን ዞረች፤ ነገር ግን ብቻዋን አልዞረችም፤ አንገቷ ተቆርጦ ከፒንሳው ጋር እጄ ላይ መጣች። ከተቆረጠው አንገት የወጣው ውሃ ደረቴን መታኝና ወደ ጣሪያ ሄደ።

ከእናንተ መካከል ሙያ ያለው ሰው፣ ለምን አስቀድመህ ሮቶውን አልዘጋህም ይለኛል። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ ግን የጠየቅሁት አውራ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከወተፍኩ በኋላ ነው።

ጣቴ ልክ ሆነ። ውሃው ቆመ። ችግሩ እኔም አብሬ መቆሜ ነው። ተንበርክኬ፣ ክንዴን ከመቀመጫው ጀርባ አሾልኬ፣ ጉንጬን ከነጩ ሣጥን ጋር አጣብቄ ዓለምን ከታች በኩል አያታለሁ። የንፋስ መውጫን ውሃ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣቴ ወዲያው የእኔ አልመስል አለኝ። ለቅቄ ሮጬ ሮቶውን ልዝጋ ስል ወለሉን አየሁት። እስካሁን የወጣው ውሃ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ የኔታ ክፍል እያመራ ነው።

የየኔታ ድጓ፣ የዜማ መጽሐፋቸው፣ ከማኅደሩ ወጥቶ ነበር። የብራና ነው፤ ከመምህራቸው የወረሱት፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው። ሁልጊዜ ከሚስማር ላይ ይሰቀላል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሲመለከቱበት ቆይተው ከአልጋቸው ግርጌ አጎዛ ላይ ዘርግተውት ነበር፤ አጎዛው ደግሞ መሬት ላይ ነው። ብራና ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም፤ ሆኖም ከበግ ቆዳ የተሠራ ነገር ሲርስ ወደ በግነቱ እንደሚመለስ ታየኝ። ጣቴን ብለቅ ድጓው ይርሳል። ባልለቅም የወረደው ውሃ መንገድ ላይ ነው። ጭናቸው የተሰበረ ሽማግሌ አልጋ ላይ ናቸው። ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የለም።

«የኔታ፣ ውሃ እየመጣ ነው፤ ድጓው» አልኩ። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ የእግር ኮቴ፤ ሚስማሩ ላይ የቆዳ ማኅደር ሲንጠለጠል የሚያሰማው ኮሽታ፤ ከዚያ እንደገና ኮቴ፤ ወደ እኔ። በሩ ተከፈተና የኔታ ብቅ አሉ። ነጠላቸውን አደግድገዋል። መቋሚያቸውን አልያዙም። በእጃቸው የያዙት ሰውም ግድግዳም የለም።

ስለዚህ ነገር ለመጠየቅ ሁኔታው አይፈቅድም ነበር። ድጓው ደኅና ነው ወይ አልኳቸው። ተሰቅሏል አሉ። ከዚያ እኔን፣ ጣቴን፣ ቧንቧውን፣ ጣሪያውን በየተራ ተመለከቱ። አንድ ሰው ጣቱን ቢያበድረኝ ሮጬ ሮቶውን እንደምዘጋ አስረዳኋቸው። የመቀመጫውን ክዳን ከደኑ፤ ተቀመጡበት፤ ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን ከእኔው ጣት አጠገብ አመጡ። በልውውጡ መካከል ውሃው ሁለታችንንም አጠመቀን። እኔ ቲሸርት ነበር የለበስኩት፤ እሳቸው ግን እስከ ጥምጥማቸው ረጠቡ። ቀዳዳውን ሲይዙት ግን ጠብ አላለም።

«ፍጠን ልጀ» አሉኝ። «እዚህ ቦታ ጸሎት አይደረግም። ዝም ብየ ነው የምቀመጠው።»

ሮጥኩ። የሮቶው መዝጊያ ከማማው ሥር ነው፤ ከተሰቀለ ጀምሮ ነክቶት የሚያውቅ የለም። በእጄ ሞከርኩ፣ በፒንሳ ሞከርኩ። የተቆረጠችዋን ሳስታውስ ደግሞ እጄ ራሱ እንቢ አለኝ፤ ይህቺም ብትቆረጥ ለእሷ የሚሆን ጣት ቤታችን ውስጥ አልቀረም። በዚህ መካከል ጋሸ ሰይድ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በግቢው በር ገቡ። ባጭሩ ነገርኳቸው። መዝጊያውን ነካ ነካ አደረጉና እሳቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የነጋዴ ሐሳብ አመጡ።

«መዝጋት ካልተቻለ ማከፋፈል ነው» አሉ።

ከሮቶው ግርጌ ላይ ውሃ የምንቀዳባት ቧንቧ አለች። እሷን ከፍተን ሮቶውን ባዶ ካደረግን የሚፈስ ነገር አይኖርም። ጋሸ ሰይድ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱና ዕቃ ያለው ይምጣ አሉ። የጎረቤቶቻችን የውሃ ተራ ገና ስለነበር ወሬው ከእሳቸው ድምፅ ቀድሞ ሮጠ። ቢጫ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ እንስራ፣ ድስት ሳይቀር መጣ። ግቢው ሞላ። ሰልፍ ተሠራ፤ ሰልፉ ተበላሸ፤ እኔም ሰው ሰብስቤ ማናገር የለመድኩ ሰው ነኝና መሐል ገብቼ አሰለፍኩ። ነፍሰ ጡር ትቅደም አልኩ። ያልታጠበ ጀሪካን አይቀዳም አልኩ። አንዷ ጀሪካኗን በምን ልጠበው፣ ውሃ የለኝም ብላ ተከራከረችኝ፤ እውነቷን ነበር፤ ለማጠቢያ የሚሆን ቀዳሁላት። ስለ ውሃ አያያዝም ትንሽ ተናገርኩ። እንዲያ ያለ የሚሰማኝ ሕዝብ በሥራዬ ላይ አጋጥሞኝ አያውቅም።

የኔታን የረሳኋቸው እዚህ ላይ ነው።

ትዝ ያለኝ ጋሸ ሰይድ መቀመጫው የታለ ብለው ሲጠይቁኝ ነው። ሁለታችንም ሮጥን። የኔታ እንደተውኳቸው ተቀምጠዋል፤ ቀጥ ብለው፣ ውሃ ከጥምጥማቸው ጠብ እያለ፣ አውራ ጣታቸው ከቀዳዳው ሳይነቃነቅ። ጋሸ ሰይድ በር ላይ ቆመው፣ እንዴት ዋሉ የኔታ አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ የኔታ። ለውይይት እንጂ ለሌላ የተቀመጡ አይመስሉም።

«ውሃው እኮ ቆሟል የኔታ» አልኩ።

«ከቆመ ቆይቷል። ልቀቅ ያለኝ ግን የለም» አሉ።

ልብሳቸውን አወለቅንላቸው። የልብስ ሣጥናቸው ተቆልፎ ቁልፉ ሰብለ ዘንድ ስለነበር ያገኘሁት ደረቅ ነገር የእኔ ሰማያዊ የስፖርት ቱታ ብቻ ነው፤ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር አለው። አንገራገሩ፤ ብርዱ አሸነፋቸው። በላዩ ላይ ጋቢ ደረብኩላቸውና ፀሐይ እንዲሞቁ ወደ ጓሮ ወጡ። የሚሄዱት በራሳቸው ነው። እኔም ጋሸ ሰይድም አይተን እንዳላየን ሆንን።

ሰብለ የደረሰችው በዚህ ሰዓት ነው። ሥልጠናው ቀደም ብሎ አልቆ ኖሯል። በእኛ አገር የግቢ በር ወለል ብሎ ከተከፈተና ሰው ከውጭ እስከ ውስጥ ከሞላ ትርጉሙ አንድ ነው። ከባጃጅ ስትወርድ ይህን አየች። ቦርሳዋን ጣለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «አባየ» እያለች ገባች። ሰልፍ የያዙት ሴቶች መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ እሷ ስታለቅስ ዝም ማለት ነውር ሆኖባቸው ሁለት ሦስቱ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው አብረው ጀመሩ። ማን እንደ ሞተ የሚያውቅ ግን አልነበረም። አንዷ ቀስ ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

የኔታ ለቅሶውን ሰምተው ከጓሮ ዞረው መጡ። በሰማያዊ ቱታ፣ ያለ መቋሚያ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ።

«ማን ነው ያረፈው ልጀ» አሏት።

ሰብለ እግራቸውን አየች። ቱታውን አየች። እንደገና እግራቸውን አየች። ከዚያ ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ትንፋሽ አሳጧት። ወደ እኔ ስትዞር ግን ሳቁ አብሯት አልዞረም። የነገረችኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ትክክል ነበረች።

ሰው ሲበተን ሦስታችን ቀረን። ሰብለ የአባቷን እግር በቅባት እያሸች፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለ ሰው የሚራመዱት ብላ ጠየቀቻቸው። የኔታ መዋሸት አይችሉም፤ ዝም ማለት ግን ይችላሉ። በመጨረሻ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፋሲካ ወዲህ እንደሆነ ተናገሩ። እኛ ሥራ ስንውል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይለማመዱ ኖሯል። ታዲያ ለምን አልነገሩንም አለች።

«ድኗል ከተባለ በሽተኛ ወደ ቤቱ ይሄዳል» አሉ ወለሉን እያዩ። «ቤቱ ደግሞ፣ እናትሽ ከሄደች በኋላ፣ ድምፅ የለውም።»

ታዲያ እሄዳለሁ እሄዳለሁ ሲሉን የነበረውስ ልላቸው ነበር። ሰብለ በዓይኗ ዝም በል አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰው እሄዳለሁ የሚለው ለመሄድ ብቻ አይደለም። ቅሩልን እንዲባልም ነው። እኛ ደግሞ ስለ ቧንቧው እንጂ ስለ እሳቸው አልተናገርንም ነበር።

«ቅሩልን አባየ» አለች ሰብለ።

የቧንቧው ባለሙያ ከእስቴ ተመልሶ ሁሉንም ነገር ቀየረው፤ የጋሸ ሰይድ ዕቃ ለሌላ ነገር የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ለምን ነገር እንደተሠራ ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም። የኔታ ክረምቱን እኛው ዘንድ ከረሙ። መስከረም ላይ ተማሪዎቻቸው ስለናፈቋቸው ወደ ቤተ ልሔም ሄዱ፤ በየወሩ ግን በሚኒባስ እየመጡ ይሰነብታሉ። ሲመጡ ምርመራ አለብኝ ይላሉ። የትኛው ምርመራ ብሎ የጠየቃቸው የለም።